የቱሉ ጫልቱ ካብ

ለመላው የሀገራችን ሕዝብ፣ በሥራ ላይም በወረፋ ላይም ለምትገኙ ሁሉ፦ በ2010 ዓ.ም. የካቲት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጡረተኛው የካርታ ባለሙያ አቶ ደገፋ ዱሬሳ ከረባት ማሰራቸውን የምናበስረው በታላቅ ኩራት ነው። ከረባቱ ቡናማ ነው። ቋጠሮው ወደ ግራ አዘንብሏል። ጉዳዩን የሚከታተለው አካል አጣርቶ እንደደረሰበት፣ አቶ ደገፋ ከዚህ ቀደም ከረባት አሰሩ የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለፓስፖርት ፎቶ ሲሆን፣ እሱም የፎቶ ቤቱ ንብረት ነበር።

ይህን ታሪካዊ ክስተት ቀድሞ ለማየት የበቃው ጠበቃ ኤልያቄም ነው። ሜክሲኮ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ፣ በሰው ትከሻና በሰው ብብት መካከል ተጣብቆ ዞር ሲል፣ ጋሽ ደገፋ ካርታ የተጠቀለለበትን ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ባንዲራ ዘንግ ሽቅብ አቁመው፣ ከሥሩ ከረባታቸውን በግራ እጃቸው ከመጨማደድ እየጠበቁ ቆመዋል።

«ምነው ጋሽ ደገፋ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አላቸው።

«ማንም አልሞተም።»

አጠገባቸው የቆመ ተሳፋሪ ቱቦውን ሲያይ ቆይቶ የቧንቧ ሠራተኛ ስለመሰሉት፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቱ እንደሚያንጠባጥብ አስረድቶ ስልክ ቁጥራቸውን ጠየቃቸው። ጋሽ ደገፋ አላረሙትም። ቁጥራቸውን በትሕትና ሰጡት። ኤልያቄም ያን ጊዜ ሰውዬው ልባቸው ሌላ ቦታ እንዳለ ገባው፤ የት እንዳለ ግን አልገባውም።

ያ ዘመን፣ አንባቢ ሆይ፣ የመጠበቅ ዘመን ነበር። አገሩ በሙሉ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ሰው ጠዋት ሬዲዮ ይከፍታል፣ ቀን ፌስቡክ ያያል፣ ማታ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሊል ወደ ጎረቤቱ ሲወጣ፣ ጎረቤቱ ያንኑ ሊጠይቀው እየመጣ በር ላይ ይገናኛሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ሦስት ዓመት ሙሉ ፍርድ የሚጠብቅ አንድ ተራራም ነበር።

ተራራው ቱሉ ጫልቱ ይባላል፤ ወለጋ ነው። ምሥራቃዊ ጎኑን «ጸዳል እብነ በረድ» የተባለው የአቶ ሙስጠፋ ድርጅት በማዕድን ፈቃድ ይዞታል፤ ምዕራባዊውን «ጮራ ድንጋይ» የተባለ ሌላ ድርጅት። በመካከላቸው፣ ሸንተረሩ ላይ፣ ስፋቱ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ መሬት አለ። እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ ሰንጋ ተራ ላይ እየተነሡ ያሉት የባንክ ሕንጻዎች ሁሉ ወለላቸውን ሊያለብሱት የሚመኙት ነጭ ድንጋይ ያለው እዚያችው ቁራጭ ላይ ነው።

ሁለቱም ፈቃዶች ድንበሩን የሚጽፉት በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «በሸንተረሩ ላይ ካለው የድንጋይ ካብ ተነሥቶ» ይላሉ፤ ቀጥሎ ካቡ በካርታ ላይ የሚገኝበት ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩም አንድ ነው። ነገር ግን የአቶ ሙስጠፋ ባለሙያ ጋሽ ደገፋ ቁጥሩን ሲከተሉ አንድ ካብ ላይ ይደርሳሉ፤ የጮራ ባለሙያ ወይዘሮ ቅሳነት ሃፍቶም ያንኑ ቁጥር ሲከተሉ ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ሌላ ካብ ላይ ያርፋሉ። ሸንተረሩ ደግሞ ካብ አላነሰውም። ፍርድ ቤቱ ድንጋዩ እንዳይነካ ቦታውን በሙሉ ስላገደው ሁለቱም ወጥተው አላዩም። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ መቀሌ ተቀምጠው፣ የድርጅቶቹ ሠራተኞች ከእግዱ በፊት ለክተው ባመጡት ነው የሚከራከሩት።

ሕጉ እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ልዩ አዋቂ» ይላቸዋል። ሁለቱ ልዩ አዋቂዎች ሦስት ዓመት ሙሉ በጽሑፍ ተመላልሰዋል፤ አስተያየት፣ በአስተያየቱ ላይ ትችት፣ ለትችቱ መልስ፣ በመልሱ ላይ ተጨማሪ አስተያየት። የአቶ ሙስጠፋ ጠበቃ ኤልያቄም ሠላሳን ያለፈ የፒያሳ ልጅ ነው፤ ቶሎ ይናገራል፣ ቶሎ ይሰለቻል፤ ስለዚህ ሲያነብ አንዳንዱን ሳይገባው አልፎታል። አንድ ጊዜ ወይዘሮ ቅሳነት «የተከበሩ ባልደረባዬ በዚያ ሸንተረር ላይ ጭጋጉ ሳይነሣ ምንም እንደማይታይ ከማንም በላይ ያውቃሉ» ብለው ጻፉ። ኤልያቄም ስድብ መስሎት ጠንከር ያለ መልስ እንስጥ አለ። ጋሽ ደገፋ ብዙ አስበው፣ ሰርዘው ደልዘው፣ «የተከበሩ ባልደረባዬ ስለ ጭጋጉ ያሉት ትክክል ነው፤ አልረሳሁትም» ብለው መለሱ። ለክርክሩ ምንም የማይረባ መልስ ነበር።

ችሎቱ በመጨረሻ ወረቀቱ ሰለቸውና ሁለቱም በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ማስረጃው ተዘግቶ መዝገቡ ለፍርድ ይቀጠራል። ነገሩ ዛሬ ያበቃል ማለት ነው። ለአቶ ሙስጠፋ ይህ የምሥራች ነበር፤ ማሽኖቹ ሣር በቅሎባቸዋል፤ ቢሸነፍም እንኳ ቁርጡን አውቆ ቢተኛ ይመርጣል። የነገሩ ማብቃት ያስፈራቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከረባት አስረዋል።

ልደታ ጣቢያ ሲወርዱ ጋሽ ደገፋ በባቡሩ ውስጥ ሲያብላሉት የቆዩትን ጥያቄ አወጡት።

«እርግጠኛ ነህ፣ ትመጣለች?»

ኤልያቄም ቆም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ «የተከበሩ» ሲባሉ የኖሩ ሴትዮ በአንድ ጠዋት «ትመጣለች» ሆኑ።

«መጥሪያው ደርሷቸዋል። ትናንት ከመቀሌ ገብተዋል አሉ። ያውቋቸዋል እንዴ?»

«አብረን ሠርተናል።»

«መቼ?»

«ድሮ።»

በመንገዱ ላይ ኤልያቄም ምክሩን ለመጨረሻ ጊዜ ደገመው። የተጠየቁትን ብቻ እንዲመልሱ፣ መሣሪያው ያነበበውን ተናግረው እንዲቆሙ፣ ቁራጩ መሬት በጸዳል ፈቃድ ውስጥ ነው ብለው አራት ነጥብ እንዲያደርጉ። ጋሽ ደገፋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ግን እየሰሙ አልነበረም። ልደታ ማርያም አጥር ሥር ጧፍና ትንንሽ መስተዋት ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ፊት ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ አንዱን መስተዋት አንሥተው ቋጠሯቸውን ሊያቀኑ ታገሉ። ከግራ አነሡት፤ ወደ ቀኝ ሄደ።

«ወዴት ነው አባባ በዚህ ሁሉ ወግ?» አለች ሴትዮዋ። «ሙሽራ ነዎት ወይስ ምስክር?»

«ምስክር።»

«እንግዲያው ፈታ ያድርጉት። አንገት ታንቆ እውነት አይወጣም።»

ኤልያቄም ሳቀ። ጋሽ ደገፋ አልሳቁም። ነገሩን እንደ ባለሙያ አስተያየት ተቀብለው ቋጠሮውን ትንሽ ላላ አደረጉት፤ መስተዋቱንም ገዝተው ኪሳቸው ከተቱ።

የችሎቱ በር አጠገብ፣ ባለጉዳይ በሚቀመጥበት ረጅም አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ቀጠን ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። መነጽራቸው በክር ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጉልበታቸው ላይ ልክ እንደ ጋሽ ደገፋ ያለ ቱቦ አለ፤ የእሳቸው ጠርዙ በፕላስተር ተጠግኗል። ጋሽ ደገፋን ሲያዩ ተነሡ። ኤልያቄም ሦስት ዓመት በጽሑፍ የተፋለሙ ሰዎች ሲጨባበጡ ለማየት ተመቻቸ። እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ መልቀቁን ግን ሁለቱም ረሱት።

«ደኅና ነዎት?» አሉ ወይዘሮ ቅሳነት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ።»

በኮሪደሩ አንድ ሰው መዝገብ ተሸክሞ አለፈ፤ ሌላው ስልክ ላይ ስለ ቀጠሮው ይማረራል።

«ጭጋጉ አሁንም እንደዚያው ነው ይባላል» አሉ ወይዘሮ ቅሳነት።

«ይባላል።»

በ1989 ዓ.ም. ደገፋ ጋሽ አልነበረም፤ ቅሳነትም ወይዘሮ አልነበረችም፤ ስለዚህ አንቱታውን ለአፍታ እናቆየው። ካርታ የሚሠራ የመንግሥት ቡድን ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁለቱን ቱሉ ጫልቱ ላይ አሰፈራቸው። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ይወርዳል፤ በመሣሪያው ሲያዩ ነጭ፣ በዓይን ሲያዩም ነጭ። መለካት የለም። መሣሪያው በሦስት እግሩ መካከል ቆሞ፣ እነሱ በግራና በቀኙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጭጋጉ እስኪነሣ ያወራሉ። እሷ ስለ አዲግራት በለስ ትነግረዋለች፤ እሱ በለስ እሾህ እንጂ ፍሬ አይመስለኝም ነበር ይላታል። ፀሐይ ወጥታ ማዶው ተራራ ብቅ ሲል አለቃቸው እልል ይላል፤ እነሱ ግን ቅር እያላቸው ይነሣሉ። ሲመሽም እንደ ሌላው ሰው ሰማዩ እንዲጠራ አይለምኑም ነበር።

ከዚያ ለቅሳነት ሆላንድ የትምህርት ዕድል መጣላት። ደገፋ አትሂጂ ሊላት ፈለገ። የሸኛት ዕለት ከአፉ የወጣው ግን «ብርድ ነው አሉ፤ ሹራብ ያዢ» የሚል ነው። ሹራብ ያዘች። ስትመለስ እሱ ነገሌ ቦረና ተልኮ ነበር፤ እሱ ሲመለስ እሷ መቀሌ ባል አግብታ ነበር። አሁን ባሏ ካረፈ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እሱ አላገባም። ለምን ሲሉት «ሥራዬ ፊልድ ነው» ይላል፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም እንዲሁ ይል ነበር።

ችሎቱ ተሰየመ። ሰብሳቢዋ ዳኛ ሩሃማ ናቸው፤ ንግግር የሚቆጥቡ፣ የሁለቱን ባለሙያዎች ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበቡ ብቸኛ ሰው። ጋሽ ደገፋ ማሉ። ኤልያቄም ጠየቀ፤ እሳቸው መለሱ፤ ሁሉም እንደ ምክሩ ሄደ። ቁጥሩ ይህ ነው፣ ከሳተላይት የሚያነበው መሣሪያ በዚህ ቁጥር እዚህ ካብ ላይ ያደርሳል፣ ቁራጩም በጸዳል በኩል ይቀራል። ከኋላ የተቀመጠው አቶ ሙስጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንበሩ ተደግፎ ተቀመጠ። የጮራ ጠበቃ አቶ ፍሬምናጦስ መስቀለኛ ጥያቄያቸውን ሊጀምሩ ሲያዛጉ ዳኛ ሩሃማ ቀደሟቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወይዘሮ ቅሳነት ተሳስተዋል ነው የሚሉት?»

«አዎ» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ኤልያቄም አዎን በዓይኑ ላከላቸው። ጋሽ ደገፋ ቱቦውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«አልተሳሳቱም» አሉ።

«እርስዎስ?»

«እኔም አልተሳሳትኩም። ቁጥሩ አንድ ነው፤ መነሻው ነው ሁለት።»

ዳኛዋ እንዲያብራሩ ፈቀዱ፤ ኤልያቄምም ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ደገፋ እንዳስረዱት፣ የአገሩ የድሮ ካርታዎች በሙሉ የተለኩት አዲንዳን ከሚባል አንድ ነጥብ ተነሥተው ነው፤ ነጥቡም በግብፅና በሱዳን ድንበር በረሃ ውስጥ ነበር። የአሁኑ መሣሪያ መነሻ ሌላ ነው። በሁለቱ መነሻዎች መካከል እኛ አገር ሲደርስ የሁለት መቶ ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ፈቃዶቹን የጻፈ ሰው ቁጥሩን ከየትኛው እንደ ወሰደ ወረቀቱ አይናገርም። በድሮው ካርታ ከተባለ ወይዘሮ ቅሳነት ያረፉበት ካብ ነው፤ በአዲሱ ከተባለ የእሳቸው።

«ያ ነጥብ በረሃ ውስጥ ነበር አሉ። አሁን የለም?» አሉ ዳኛዋ።

«ግድቡ ሲሠራ ውሃ ዋጠው ይላሉ። ያም ሆኖ ካርታው ዛሬም የሚነሣው ከዚያው ነው» አሉ ጋሽ ደገፋ። ወደ ባለሙያዋ አላዩም። «የሰጠመ ነገር መነሻነቱ አይቀርም።»

ዳኛዋ የባለሙያዎቹን ጽሑፍ ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልጻፉም?»

«አልተጠየቅሁም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የተጠየቅሁት ቁጥሩ የት ያደርሳል ተብዬ ነው።»

ወይዘሮ ቅሳነት ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «እኔም» አሉ በቀስታ፤ ችሎት ውስጥ ሳይፈቀድ መናገር ነውር መሆኑን አስታውሰው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

ከኋላ አቶ ሙስጠፋ ወደ ኤልያቄም ጆሮ አጎነበሰ። «አዋቂ ቅጠርልኝ አልኩህ እንጂ ሽማግሌ ቅጠርልኝ አልኩህ?»

ጋሽ ደገፋ ቀጠሉ። ፈቃዶቹ ሁለቱም የሚነሡት ከካቡ ነውና፣ ካርታ ሠሪዎቹ በ1989 የሠሩት ካብ የትኛው እንደሆነ ቦታው ላይ ሄዶ ማየት ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሩም መነሻውም ራሱን ይገልጣል። አቶ ፍሬምናጦስ ማዛጋታቸውን ትተው ተነሡና ተቃወሙ። በዚያ አገር እረኛውም መንገደኛውም ድንጋይ ይከምራል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ይህን የሚመልስ ሰው ካለ ራሳቸው ያቀረቧቸው ባለሙያ እንደሆኑ የገባቸው ግን ዳኛዋ ወይዘሮ ቅሳነትን አስነሥተው ካስማሉ በኋላ ነው።

«ካብ ይፈርሳል» አሉ ወይዘሮ ቅሳነት። «ከብት ይንደዋል፤ ሰው ለአጥር ይወስደዋል። እኛም ይህን ስለምናውቅ ከመካባችን በፊት ጉድጓድ ቆፍረን ጠርሙስ እንቀብራለን፤ አፉን ወደ ታች አድርገን። ካቡ ቢጠፋ ጠርሙሱ ይመሰክራል። ልማድ ነው፤ ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።»

«ከእናንተ በፊት የነበሩት በካቡት ሥርም ጠርሙስ ካለ» አሉ አቶ ፍሬምናጦስ የገዛ ምስክራቸውን እየሞገቱ፣ «ጠርሙስ ማግኘት ምኑን ይለያል?»

ወይዘሮ ቅሳነት መነጽራቸውን አድርገው ነበር፤ አወለቁት።

«እነሱ የሚቀብሩት አንድ ነው። እኛ በካብነው ሥር ግን ሁለት አለ።»

ዳኛ ሩሃማ ወደ ጋሽ ደገፋ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«ሁለት ናቸው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ። ጎን ለጎን።»

ጎን ለጎን መሆናቸውን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ሦስቱ ዳኞች አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሰብሳቢዋ ለጸሐፊው አስጻፉ፦ እግዱ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ተነሥቶ፣ ሁለቱ ልዩ አዋቂዎች ከፋሲካ በኋላ በአንድነት ወደ ቱሉ ጫልቱ ወጥተው፣ ካቦቹን አስቆፍረው፣ ጠርሙሶቹ የተገኙበትን ካብ ለክተው የጋራ አስተያየት እንዲያቀርቡ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃቸውም ጠየቁ።

«አንድ ሳምንት» አሉ ጋሽ ደገፋ።

«ጠዋት ጠዋት ጭጋግ አለ» አሉ ወይዘሮ ቅሳነት። «ሁለት ሳምንት።»

«ልክ ናቸው፤ ሁለት ሳምንት ነው» አሉ ጋሽ ደገፋ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ኤልያቄም መዝገቡን በልቡ አገላበጠ። በሦስት ዓመት ክርክር ውስጥ አንደኛው ባለሙያ ለሌላው ሲሸነፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ የፈጀውም አንድ እስትንፋስ ነው። ከዚያ ከረባቱን አየ። ከዚያ ስለ ጭጋግ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ትዝ አለውና፣ የዘገየ ደረሰኝ እንደመጣለት ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ዳኛ ሩሃማ መዝገቡን ዘጉ። ሰዉ ሊነሣ ሲል እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ለጸሐፊውም እጅህን አንሣ የሚል ምልክት ሰጡት።

«አቶ ደገፋ፣ ይህ አይጻፍም፤ እኔ ለማወቅ ያህል ነው። ልማዱ አንድ ጠርሙስ ከሆነ ሁለተኛው ለምን ተቀበረ?»

ወይዘሮ ቅሳነት ካርታቸውን ወደ ቱቦው እየመለሱ ነበር። እጃቸው ቆመ። በመስኮቱ በኩል ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው ባቡር ደወል ተሰማ። ጋሽ ደገፋ እጃቸውን ወደ ከረባታቸው ሰደዱ። የመስተዋት ሻጯ ያስላላቻቸውን ቋጠሮ ያዙና ወደ ላይ ሳቡት፤ ጥብቅ አደረጉት።

«አላብራራም» አሉ።